ብዙ የሄደ ሞተርን ሳያወርዱ ለማቆየት፦ ለባሕር ዳር አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

«ሞተሩ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ላውርደው ወይስ ትንሽ ይቆይልኝ?» በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው። ማውረድ ማለት ሞተሩን ከመኪናው አውጥቶ፣ ፈትቶ ማደስ ነው። ጠያቂዎቹ ይዘው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም የናፍጣ ሃይሉክስ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከት፣ ብዙዎቹን ያደከማቸው የሄዱት ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ አላገኘውም። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ወርዷል፤ የራዲያተሩ ውሃ ጭቃ መስሏል፤ ቴርሞስታቱ (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ወጥቶ ተጥሏል፤ የራዲያተሩ ክዳን መኪናው ከተገዛ ጀምሮ አልተቀየረም። እነዚህን ባለቤቱ ራሱ በጥቂት ገንዘብ ሊያስተካክላቸው ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው፣ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ በቃል ስደጋግመው የቆየሁት ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ይሥሩት፤ ዘይትና ውሃ ሳይስተካከሉ የሚደረግ ሌላ ምርመራ ያሳስታል። ሞተሩ ይውረድ አይውረድ የሚለው መልስ የሚገኘው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሞተር ዘይት፦ ለትንሽ የቤንዚን ሞተር 4 ሊትር ይበቃል፤ ለናፍጣ ሃይሉክስ 6 ሊትር ገደማ ይያዙ
- አዲስ የዘይት ፊልትሮ፣ እንዲሁም ለዘይት ማፍሰሻው ብሎን አዲስ ሮንዴላ
- ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀላቀል የራዲያተር ፈሳሽ) እና ንጹሕ ውሃ
- የራዲያተር ክዳን፣ በአሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለበት
- የአየር ፊልትሮ፤ ለናፍጣ መኪና የነዳጅ ፊልትሮም ጭምር
- የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እና የማፍሰሻው ብሎን ቁልፍ (ለብዙ ቶዮታዎች 14 ቁጥር ነው)
- ክሪክ እና ሁለት ጠንካራ የብረት ማቆሚያዎች
- ነጭ ጨርቅ፣ ሰፊ ካርቶን፣ የእጅ ባትሪ፣ አሮጌ ዘይት መቀበያ ሳፋ
- አንድ ደብተር። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከቁልፎቹ ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት ልብ ይበሉ

የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ ስለሆነ፣ ክዳኑ እንደላላ ፈልቶ ፊትና እጅ ላይ ይወጣል። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅዎ ይዘው ሳያቃጥልዎ መቆየት እስከሚችሉ ድረስ ይጠብቁ፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አይግቡ። ሞተር እየሠራ ኮፈን ሲከፍቱ ነጠላ፣ ሻሽ ወይም የጋቢ ጫፍ ወደ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) እና ወደ ቬንትላተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) እንዳይጠጋ ያድርጉ። በተዘጋ ግቢ ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥተው አይቆዩ፤ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም። ኩላንት ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው፤ ሕፃናትና ውሾች በሚደርሱበት ቦታ ክፍት ትተው አይሂዱ።

1. ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ዘይቱን ይለኩ

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ያደረ መሆን አለበት። ሊቬሎውን፣ ማለትም የዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ ይምዘዙ፤ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ እስከ መጨረሻው መልሰው ያስገቡ፤ እንደገና መዝዘው ያንብቡ። መጀመሪያ እንደመዘዙት የሚያዩት መጠን አያስተማምንም፤ በመለኪያው ቱቦ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ዘይት ዘንጉን ስለሚቀባው።

በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች 1 ሊትር ገደማ ነው። ዘይቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ይጨምሩ፤ የጨመሩትን መጠንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በደብተሩ ይጻፉ። አንድ ጊዜ የተነበበ ቁጥር ብቻውን አይናገርም፤ በወር ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ሲጻፍ ግን ሞተርዎ በ1,000 ኪሎ ሜትር ምን ያህል ዘይት እንደሚበላ ያውቃሉ። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚበላን ሞተር እንደ ብልሽት አይቆጥሩትም። ግማሽ ሊትር የሚበላ አሮጌ ሞተር በጊዜው እየተጨመረለት ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ሞተሩን የሚገድለው ዘይት መብላቱ ሳይሆን፣ የበላው ሳይተካ መቅረቱ ነው። ዘይት ሲጎድል ፓምፑ በዳገትና በመታጠፊያ ላይ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ መደገፊያ) በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ዘይቱን በጣትዎና በአውራ ጣትዎ መካከል አሽተው ይመልከቱ። ጥቁር መሆኑ ብቻ አያስደነግጥም። የቤንዚን ሽታ ካለው፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየበት ወይም ማኪያቶ ከመሰለ ግን መኪናውን አያስነሡ። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ማለት ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተው ይወቁ። ክሬም የመሰለው ነገር በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ታይቶ በሊቬሎው ላይ ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ቴስታታ የሚባለውን የሞተሩን የላይኛ ክፍል ከታችኛው ጋር የሚያሽገው) መበላሸት አይደለም። ከቤት እስከ ሥራ፣ ከሥራ እስከ ገበያ ብቻ የሚሄድ መኪና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፣ ውስጡ የቀረው እርጥበት በክዳኑ ላይ ይጠራቀማል። ባሕር ዳር ከተማዋ ሜዳ፣ መንገዱም አጭር በመሆኑ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። መፍትሔው በደረጃ 9 ላይ አለ።

2. የራዲያተሩን ክዳን ይመርምሩ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ በአካባቢያችን ከሁሉም በላይ የሚረሳው ዕቃ ስለሆነ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ክዳን በሌለው ድስት የተጣደ ውሃ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ምንም ችግር ሳይኖርበት ውሃው ይፈላል። ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ፣ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ሲጠጋ፣ የመፍያው ሙቀት ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል።

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ። ቁጥሩ ክዳኑ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ጤነኛ የሆነ 0.9 ክዳን እዚህ ባሕር ዳር ውሃውን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ከ94 እስከ 115 ያለው ሃያ ዲግሪ ገደማ የሚገኘው ከዚህች ከአንድ ክዳን ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ አዛውንት አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ አፍልቶባቸዋል። ሌላ ቦታ ቴስታታው ይነሣ ተብለዋል። «ልጄ፣ ይህ መኪና ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም» አሉኝ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ክዳኑን ከፈትኩና የታችኛውን ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። «ጋሼ፣ ቴስታታው ይቆይ፤ መጀመሪያ ይህን እንቀይር» አልኳቸው። ክዳኑ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ታጠበ፣ በዚያው ሳምንት ዳገቱን ወጥተው ደወሉልኝ።

አመራመሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ክዳኑን ይክፈቱ። ጎማው ለስላሳና ያልተሰነጠቀ መሆኑን በጥፍርዎ ይሞክሩ። ትልቁ ስፕሪንግ ሲጫኑት ጠንከር ብሎ መመለስ አለበት። በመካከል ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርዎ ሳብ ያድርጓት፤ ተከፍታ መልሳ መዘጋት አለባት። እሷ ከደረቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ፕላስቲክ ውሃ መልሶ መሳብ ያቅተዋል፤ የላይኛው ቱቦም እንደተጨመቀ ፕላስቲክ ይጣበቃል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ክዳኑን ይቀይሩ። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን ግን አይግጠሙ፤ ለ0.9 በተሠራ አሮጌ ራዲያተር ላይ ትርፍ ግፊት መጋጠሚያዎቹን ይከፍታል።

3. ውሃውን በኩላንት ይተኩ

«እኛ አገር በረዶ የለም፤ ኩላንት ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ኩላንት ብረትና አሉሚኒየም እንዳይዝጉ የሚከላከል መድኃኒት አለው፤ የውሃ ፓምፑን ያለሰልሳል፤ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ባዶ ውሃ በጥቂት ወራት ውስጥ ዝገት ሠርቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ሀ. ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ታችኛ መክፈቻ ፈትተው አሮጌውን ውሃ በሳፋ ይቀበሉ።
ለ. መክፈቻውን ዘግተው በንጹሕ ውሃ ይሙሉ፤ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው ሞተሩን ያስነሡ፤ ሲሞቅ ያጥፉት፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው እንደገና ያፍስሱ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት።
ሐ. ኩላንቱ ያልተበረዘ ከሆነ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ቀላቅለው ቀስ ብለው ይሙሉ። ተበርዞ የተሸጠ ከሆነ ውሃ አይጨምሩበት።
መ. ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡ) ያሠሩ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ የአየር አረፋ ይወጣል፤ ደረጃው ሲወርድ እየጨመሩ ይሙሉ። አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ይዝጉ። አየር ውስጥ ከቀረ፣ ራዲያተሩ ሞልቶ እያለ ቴስታታው ያለ ውሃ ይቃጠላል።

ውሃውን በተመለከተ፦ ከጣና ወይም ከዓባይ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ወደ ራዲያተር አያስገቡ። በተለይ በክረምት ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ደለል ተሸክመው ስለሚመጡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ደለሉ ቱቦ ውስጥ ይቀራል። የተጣራ ውሃ ካላገኙ፣ ጣሪያው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በጨርቅ አጥልለው ቢጠቀሙ ከቧንቧ ውሃ ይሻላል፤ ደርቆ የሚቀር ነጭ ዝቃጭ አይተውም።

4. ቴርሞስታቱን ይመልሱ

ሞተር ባፈላ ቁጥር ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ እጅግ የሚጎዳ ልማድም ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር ሜዳ ላይ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላሉ፣ ዘይቱም ጭቃ ይሠራል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ በአቋራጭ መንገድ ስለሚዞር፣ ዳገት ላይ ይብሱኑ ያፈላል።

ቴርሞስታት መፈተሽ ቀላል ነው። በክር አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ያስገቡትና ውሃውን ያሙቁ። 82 የሚል የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ሲጠጋ ነው። የእኛ ድስት ደግሞ 94 ላይ እንደሚፈላ ያስታውሱ። ስለዚህ ውሃው ሲፈላ እስከ ጥጉ ባይከፈት፣ ግን 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ያህል ካነሣ ጤነኛ ነው፤ አይጣሉት። የማይነቃነቅ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖ ክፍት የሆነ ከሆነ ይቀይሩት። ሲገጥሙ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

5. የራዲያተሩን ፊት ይጠቡ

ማታ ማታ በሐይቁ ዳርቻ የሚርመሰመሱት ነፍሳት፣ በበጋ የዘጌና የገጠር መንገዶች አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ይደርቃል። በቀስታ በሚፈስ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይጠቡት። በላቫጆ ኃይለኛ ግፊት አያስመቱት፤ ክንፎቹ ይተኛሉ፣ አየርም አያልፍም። ቬንትላተሩ ኤሌክትሪክ ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ መነሣቱን ቆመው ይመልከቱ።

6. ዘይትና ፊልትሮ ይቀይሩ

በየ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየ6 ወሩ፣ የቀደመው ሲደርስ። መኪናው አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ወይም አቧራ ላይ የሚውል ከሆነ ወደ 4,000 ያውርዱት።

የዘይቱን ዓይነት የመኪናው መመሪያ ደብተር ይወስን። ለብዙ አሮጌ የቤንዚን ሞተሮች በእኛ አየር 15ደብልዩ-40 ተስማሚ ነው፤ ዘይት በደንብ የሚበላ ከሆነ 20ደብልዩ-50 መሞከር ይቻላል። ከዚያ በላይ ማወፈር ግን ሞተሩን አያድንም፤ ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ ወደ ቴስታታው እስኪደርስ ይዘገያል፤ ትልቁ መበላትም የሚደርሰው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ለናፍጣ ሞተር ለናፍጣ የተሠራ ዘይት ይግዙ፤ ጥላሸትን አንጠልጥሎ የሚይዘው እሱ ነው።

ሞተሩን አሥር ደቂቃ አሙቀው ያጥፉ፤ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። የማፍሰሻውን ብሎን ፈትተው እስኪንጠባጠብ ይጠብቁ። አሮጌውን ፊልትሮ ሲያወጡ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ በባትሪ ይመልከቱ፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱ መንገድ ላይ ተንፎልፍሎ ያልቃል። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ በዘይት ይቀቡት፤ በእጅ አዙረው ሲነካ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ያጥብቁ። ዘይት ሞልተው ሞተሩን ያስነሡ፤ የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ሞተሩን አጥፍተው አምስት ደቂቃ ቆይተው ይለኩ። ከላይኛው ምልክት አያሳልፉ፤ የተረፈ ዘይት በክራንኩ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም።

አሮጌውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመው ለሚረከብ ጋራዥ ይስጡ። ቦይ ውስጥ ከደፉት ዝናቡ ጠርጎ ጣና ያስገባዋል፤ ዓሣ የምንበላበት፣ ብዙ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር የኖረ መኪና ከገዙ፣ የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል አይጨምሩበት። በአንድ ጊዜ የተላቀቀ ጭቃ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍነዋል። ይልቁንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅያሪዎች በየ1,500 ኪሎ ሜትር ያድርጓቸው፤ ጥሩ ዘይት ቀስ እያለ ያጸዳዋል።

7. የሞተሩን መተንፈሻ ይክፈቱ

በቴስታታው ክዳንና በአየር ማስገቢያው መካከል ያለችው ቀጭን ቱቦና ቫልቭ ከውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ ታስወጣለች። ስትደፈን ጋዙ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በየፓራኦሊዮው (በየዘይት ማሸጊያ ጎማው) ይገፋዋል። «ሞተሩ ሁሉ ቦታ ዘይት ያልባል» ለሚሉኝ ሰዎች መጀመሪያ የማየው እዚህ ነው። ቫልቩን አውጥተው ነቅነቅ ሲያደርጉት ቅጭልጭል ማለት አለበት። ዝም ካለ በቤንዚን ይጠቡት፣ ካልተመለሰ ይቀይሩት፤ ቱቦውም ከተሰነጠቀ አብሮ ይቀየር።

8. አየር፣ ነዳጅና ካንዴላ

የአየር ፊልትሮውን በወር አንድ ጊዜ፣ የአቧራ መንገድ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ወዲያው ያውጡ። ጎሚስታ ቤት ሲያስነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ግፊቱን ቀንሰው፣ ከራቅ ብለው ይሁን። ከዚያ ወደ ፀሐይ አቅንተው በውስጡ ይመልከቱ፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ካበራ ይጣሉት። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው አቧራ ፋሻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል።

ካንዴላዎቹን በቀዘቀዘ ሞተር ላይ አውጥተው በቅደም ተከተላቸው ካርቶን ላይ ይደርድሩ። ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ ከዝቅተኛ ቦታ በመጣ ባለ ካርቡራተር መኪና ላይ የተለመደ ነው፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ እንደገና መስተካከል አለበት። እርጥብና ቅባታማ ጥቁር ከሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። የቱ ቁጥር እንደሆነ በደብተሩ ይጻፉ። ሲመልሱ መጀመሪያ በጣት ብቻ ያዙሯቸው፤ በቁልፍ ኃይል የተጀመረ ካንዴላ የቴስታታውን ጥርስ ይበላል።

በጀሪካን የሚሸጥ ነዳጅ ውሃና ቆሻሻ ሊኖረው ይችላል። ሌላ ምርጫ ካጡ በወፍራም ንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ይሙሉ። የናፍጣ መኪና ከሆነ ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ በወር አንድ ጊዜ ይክፈቱ። ታንኩን ከሩብ በታች አያድርሱት፤ ታንክ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው።

9. አነዳድዎን ያስተካክሉ

ጠዋት እንዳስነሡ ጋዝ አይስጡ፤ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀው በቀስታ ይንዱ። አሥር ደቂቃ ቆሞ ማሞቅ አያስፈልግም፤ ነዳጅ ከማባከኑ በላይ ዘይቱን በነዳጅ ያቀጥነዋል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ መኪናውን ከከተማ ያውጡት፤ እስከ ሐሙሲት ደርሶ መመለስ ዘይቱን በደንብ አሙቆ በውስጡ ያለውን እርጥበት ያተንናል። በደረጃ 1 የጠቀስኩት ክሬም በዚህ ይጠፋል።

ዳገት ላይ ማርሽ ቀድመው ይቀንሱ። በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር የውሃ ፓምፑም ቬንትላተሩም ቀስ ብለው ስለሚዞሩ ቶሎ ይሞቃል። የሙቀት መርፌው ከተለመደው ቦታ ሲነሣ ኤር ኮንዲሽነሩን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ካልወረደ ጥግ ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ።

10. ቺንጋዎቹን ይመልከቱ

የውጭውን ቺንጋ ገልበጥ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ። የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው የውስጡ የታይሚንግ ቺንጋ ግን አይታይም። እንደ 2ኤል እና 3ኤል ባሉ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ያገለገለ መኪና ከገዙና መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ፣ ሻጩ የነገረዎትን ትተው ዛሬ ይቀይሩት፤ ቀኑን በደብተሩ ይጻፉ። ቺንጋው መንገድ ላይ ከተበጠሰ በናፍጣ ሞተርና በብዙ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። የውሃ ፓምፑ በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ አብሮ ይቀየር፤ ጉልበቱ አንድ ነው።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

- ባፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት። የሞቀ ቴስታታ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሞተሩ ራሱ ይቀዝቅዝ።
- የሚፈስ ራዲያተርን በዱቄት ወይም በእንቁላል መድፈን። ቀዳዳውን ሳይሆን የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦ ነው የሚደፍነው።
- ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ ማሳጠብ። በተለይ ዲስትሪቢዩተር ያለው መኪና በማግስቱ አልነሣ ይላል።
- የዘይት መብራት በርቶ «ቤት ልድረስ» ማለት። ከቤትዎ 500 ሜትር ቢቀርም ያጥፉት፤ ያስጎትቱት።
- በክረምት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በማያውቁት የመንገድ ላይ ውሃ መግባት። በአየር ማስገቢያው በኩል ውሃ ከገባ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል የፒስተኑ ዘንግ ይታጠፋል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ዳግም በሞተሪኖ አይሞክሩ።
- ጭስ አይቶ ወዲያው ሞተር ማውረድ። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ያለ ከባድ ሥራ ይቀየራል። ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጡ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ወደ ፋሻው ያመለክታል። ጥቁር ጭስ የነዳጅና የአየር ጉዳይ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይናገራል።

11. ሞተሩ ይውረድ አይውረድ የሚለውን በመለኪያ ይወስኑ

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ አንድ ሁለት ወር ከቆየ በኋላ ሞተሩ አሁንም ከደከመ፣ ኮምፕረሽን (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት) ይለካ። የናፍጣ ሞተር ለብቻው የተሠራ መለኪያ ስለሚፈልግ ለመካኒክ ይተውት። የቤንዚን ሞተር ሲሆን፦ ሞተሩን ያሙቁ፣ የነዳጁንና የኮረንቲውን መስመር ይንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ፣ የኮምፕረሽን መለኪያውን በየተራ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ይግጠሙ፣ ረዳትዎ ጋዙን እስከ መጨረሻው ረግጦ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም በሞተሪኖ ያዙር። የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር ይጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር በስሕተት ሲወርድ አይቻለሁ። በመመሪያ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። በባሕር ዳር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ደብተሩ 12.5 ባር የሚለው ሞተር እዚህ 10 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልጎደለበትም። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ አራቱ መቀራረባቸውን ይመልከቱ፤ በቶዮታዎች ላይ በሲሊንደሮች መካከል ከ1 ባር የበለጠ ልዩነት መኖር የለበትም።

አንዱ በጣም ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩት። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ሞተሩ የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ቁጥሩ ባለበት ከቀረ ችግሩ ቫልቭ ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። በሁለቱም ቴስታታው ብቻ ተነሥቶ ይሠራል፤ የታችኛው ክፍል ባለበት ይቀራል። ቁጥሮቹን የጻፉበትን ገጽ ለመካኒኩ ከሥራው በፊት ያሳዩ፤ ሥራው ሲያልቅም በዚያው ገጽ ላይ እንደገና ያስለኩ።